የሟቿ ምስክርነትና የግሪንብራየር ካውንቲ መዝገብ

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ቨርጂኒያ የምኖር የከባድ መኪና ሹፌር ነኝ። በ64ኛው ሀይዌይ ወደ ዌስት ቨርጂኒያ ስሄድ ሳም ብላክ ቸርች የሚባለው መውጫ ጋ ለቡና ወርጄ አንድ የታሪክ ሰሌዳ አየሁ። የሞተች ሴት መንፈስ ተመልሳ ገዳይዋን አስፈረደች ይላል። እውነት ፍርድ ቤት የሙት መንፈስ ምስክርነት ተቀብሏል? ደግሞ ነዳጅ ማደያው ላይ ያገኘኋቸው አንድ አዛውንት፣ መጀመሪያ እዚህ አገር የሰፈሩት ሁለት ሰዎች በሃይማኖት ተጣልተው አንደኛው ዛፍ ውስጥ ገብቶ ኖረ አሉኝ። ይህ ካውንቲ እንዴት ነው የተጀመረው? ከተረቱስ የቱን ልመን?»

ወንድሜ፣ ቆመው ሰሌዳውን በማንበብዎ ደስ ብሎኛል። ቆመው አዛውንቱን በማዳመጥዎ ደግሞ የበለጠ ደስ ብሎኛል። የአፓላቺያን ተራሮች ታሪክ ሳጠና ብዙ ዘመን ቆይቻለሁ፤ ግሪንብራየርን የሚያህል የምወደው ካውንቲ የለም። ስለዚህ መልሴ ይረዝማል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ይባላል። እኔ ግን ከጫፉ ልጀምር፤ መጀመሪያ የጠየቁኝ እሱን ነውና።

ግድያው እውነት ነው። ፍርዱም እውነት ነው። የሟቿ እናት «ልጄ ከሞተች በኋላ መጥታ አነጋገረችኝ» ማለቷም እውነት ነው፤ ምላ የሰጠችው ቃል በጊዜው በአካባቢው ጋዜጣ ታትሟል። ሰሌዳው የሚያጋንነው የመጨረሻው መስመር ላይ ነው። «የሙት መንፈስ ምስክርነት ነፍሰ ገዳይን ለማስፈረድ የረዳበት ብቸኛው የታወቀ ጉዳይ» ይላል። ይህን ለመረዳት ችሎቱ ውስጥ ማን ምን እንደጠየቀ ማወቅ ያስፈልጋል።

የሟቿ ስም ዞና ሂስተር ይባላል። በ1896 ኦክቶበር ላይ ኤድዋርድ ሹ የሚባል ብረት ቀጥቃጭ አገባች። ሰውየው ከጎረቤት ካውንቲ የመጣ፣ ለአካባቢው አዲስ ሰው ነበር። የመጀመሪያ ሚስቱ የተፋታችው እሱ በፈረስ ስርቆት ታስሮ ሳለ ነው። ሁለተኛዋ ተጋብተው ዓመት ሳይሞላቸው ሞታለች። ዞና ሦስተኛዋ መሆኗ ነው። የእናትየው የሜሪ ጄን ሂስተር ልብ ሰውየውን ከመጀመሪያው አልወደደውም።

ጃንዋሪ 23 ቀን 1897 ሹ ከሥራ ቦታው አንድ ልጅ ወደ ቤት ላከ። «ሂድና ሚስቴን ከሱቅ የምትፈልገው ነገር ካለ ጠይቃት» አለው። ልጁ ሲገባ ዞና ደረጃው ሥር ወለል ላይ ተዘርግታለች። ሞታለች። ሐኪሙ ዶክተር ጆርጅ ናፕ እስኪደርስ ድረስ አንድ ሰዓት ያህል አለፈ። በዚያ ሰዓት ውስጥ ሹ አስከሬኑን ወደ ላይ ተሸክሞ፣ አጥቦ፣ ኮሌታው እስከ አገጭ የሚደርስ ቀሚስ አልብሶ ጨርሷል። በዚያ አገር ደንብ ሬሳ ማጠብና ማልበስ የሴቶች ሥራ ነበር። ባል ይህን ራሱ ማድረጉ ያን ቀን እንግዳ ነገር ነው።

ሐኪሙ ሊመረምር ሲሞክር ሹ ጭንቅላቷን አቅፎ ያለቅሳል። አንገቷ ላይ ሰንበር ያየ መስሎት ጠጋ ሲል ሹ ተቆጣ፤ ሐኪሙም ትቶት ሄደ። መጀመሪያ የሞቷን ምክንያት «የማያባራ ራስን መሳት» ብሎ መዘገበው። በኋላ «ከወሊድ ጋር የተያያዘ» ተብሎ ተለወጠ። ለቅሶው ላይም ሹ ከራስጌዋ አልጠፋም። አንገቷ ላይ ሻሽ አስሯል። ጭንቅላቷን ግራና ቀኝ በትራስና በጨርቅ ደግፏል። ሬሳው ሲንቀሳቀስ ጭንቅላቷ ወዲያና ወዲህ እንደሚል ያዩ ሰዎች ነበሩ። አዩ፤ ዝም አሉ። እሷም ወላጆቿ ወደሚኖሩበት ትንሹ ሰዌል ተራራ ተወስዳ እዚያው አካባቢ ሶል ቻፕል ከሚባለው መቃብር ተቀበረች። ይህን የተራራ ስም ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

እናትየው ለሳምንታት ጸለየች። «እውነቱን አሳየኝ» ነበር ጸሎቷ። ከዚያ በኋላ ዞና አራት ሌሊት መጣችብኝ አለች። ልጅቷ የነገረቻት ነገር ትኩረቴን የሚስበው ተራ የቤት ወሬ ስለሆነ ነው። ሹ ማታ ሲገባ ሥጋ አልተሠራም ብሎ ተቆጣ። እሷ ግን የሚበላ አልጠፋም ነበር፤ ቅቤ፣ ፖም፣ የተለያየ ማርማላታ ነበረ ብላ አንድ በአንድ ቆጠረች። ከዚያ አንገቷን ከመጀመሪያው መገጣጠሚያ ላይ ሰበረው። ይህ የጓዳ ዝርዝር ለእኔ እናት ለልጇ የምታስበው ሐሳብ ነው። ልጄ ባለሙያ ነበረች፣ ቤቷ ሙሉ ነበር፣ ያለ ምንም ጥፋት ሞተች ማለት ነው።

ሜሪ ጄን ይህን ይዛ ወደ ካውንቲው አቃቤ ሕግ ወደ ጆን ፕሬስተን ሄደች። ፕሬስተን መንፈስ ይመን አይመን ልቡን አላየንም። ያደረገውን ግን እናውቃለን። ሰዎች ልኮ ሐኪሙን አስጠየቀ፤ ሐኪሙም ምርመራውን በቅጡ እንዳልጨረሰ አመነ። ይህ ለሕጉ በቂ ነበር። ፌብሩዋሪ 22 አስከሬኑ ከመቃብር ወጣና በአቅራቢያው ባለ ትምህርት ቤት ውስጥ ተመረመረ። አንገቷ ተሰብሯል። ጉሮሮዋ ተጨፍልቋል። የጣት ምልክት ነበረበት። ሹ በቦታው ነበር። ከምርመራው በፊት ሊይዙኝ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን እኔ ማድረጌን ማረጋገጥ አይችሉም ማለቱ በማስረጃ ቀርቦበታል።

አሁን ወደ ችሎቱ። የክርክሩ ጊዜ የጁን 1897 መጨረሻ ነው። አቃቤ ሕጉ ሜሪ ጄንን ምስክር አድርጎ ሲያቀርብ ስለ መንፈሱ አንድም ነገር አልጠየቃትም። ሆን ብሎ ዘለለው፤ ጉዳዩን እንደሚያበላሽበት ያውቃል። መንፈሱን ወደ ችሎት ያስገባው የተከሳሹ ጠበቃ ነው። እናትየውን ቅዠታም አስመስሎ ለማሳጣት አስቦ ነው። ሕልም አይደለም ወይ አላት። አይደለም አለች። ነቅቼ ነበር፣ ነቅቼ ደግሞ ሕልም አላይም አለች። ደጋግሞ ሊያስታት ሞከረ። እሷ ንቅንቅ አላለችም። የማላየውን አየሁ ብዬ አልዋሽም ብላ ጸናች። ጠበቃው ሊያስቅባት የጠራው ነገር በእጁ ላይ ተገለበጠበት።

ጁሪው፣ ማለትም ለፍርድ የተመረጡት ተራ ዜጎች፣ ከአንድ ሰዓት ብዙም ሳያልፍ ጥፋተኛ ነው አለ። ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። ሹ በ1900 በማውንድስቪል እስር ቤት ሞተ። የአካባቢው ጋዜጣ ራሱ በወቅቱ ማስረጃው በሁኔታዎች ላይ የተመሠረተ መሆኑን ጽፏል፤ ማለትም ሬሳውን ብቻውን ማልበሱ፣ አንገቷን መሸፈኑ፣ አብሯት የነበረው እሱ ብቻ መሆኑ፣ የተሰበረው አንገት።

እንግዲህ እንዲህ ልበልዎት። መንፈሱ ሹን አላስፈረደውም። መቃብሩን ያስከፈተው ግን የእናትየው ወሬ ነው። መቃብሩ ባይከፈት ደግሞ ፍርድ የለም። አንዳንድ ተመራማሪዎች በዚያው ሰሞን የአካባቢው ጋዜጣ ከአውስትራሊያ የመጣ የመንፈስ ታሪክ አትሞ እንደነበር ያነሳሉ። ሜሪ ጄን እሱን አንብባ ዘዴ አበጀች ይላሉ። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ሌላ ነገር ነው የሚታየኝ። በ1897 አንዲት የተራራ ገበሬ ሴት አቃቤ ሕግ ቢሮ ሄዳ «አማቼን ጠርጥሬዋለሁ» ብትል ማን ይሰማታል? ሐኪም ፈርሟል፣ ሬሳ ተቀብሯል። «ልጄ መጥታ ነገረችኝ» ስትል ግን መንደሩ ሁሉ ሰማት። በምኞትም ይሁን በእውነት፣ እናትየው ያመነችውን እንደተናገረች አልጠራጠርም። ጠበቃው ሲያፋጥጣት የመለሰችበት አኳኋን የተጠና ድርሰት አይመስልም።

ከዚህ ወደ አዛውንቱ ወሬ ልሻገር። አዛውንቱ ልክ ናቸው። ለዚህ ምስክሩ የካውንቲው የራሱ መዝገብ ነው።

ጆን ስቱዋርት የሚባል ሰው ነበር። በ1769 ወደ ግሪንብራየር ሸለቆ መጥቶ የሰፈረ፣ ኋላም ካውንቲው ሲቋቋም የመጀመሪያው ጸሐፊ የሆነ ነው። መሬት ሲሸጥ ሲለወጥ ውሉን የሚመዘግበው እሱ ነው። በ1798 ጁላይ ላይ ይህ ሰው አንድ የሚያስገርመኝ ነገር አደረገ። በመጀመሪያው የመሬት ውል መዝገብ ውስጥ፣ በእነዚያ ደረቅ የውል ገጾች መካከል፣ የአገሩን አጀማመር ለልጅ ልጅ ይቆይ ብሎ ጻፈበት። የዚህ ካውንቲ ታሪክ የተጀመረው እንግዲህ የእገሌ መሬት በእገሌ ዛፍ ይዋሰናል በሚል መዝገብ ውስጥ ነው።

ስቱዋርት የጻፈው እንዲህ ነው። ከተራራው ወዲያ ማንም ነጭ ባልሰፈረበት ጊዜ፣ አእምሮው አልፎ አልፎ የሚነካው አንድ ሰው ወደ ጫካው ጠፍቶ ሄደ። ሲመለስ ወደ ምዕራብ የሚፈሱ ወንዞች አየሁ፣ አገሩም አውሬ የሞላበት ነው ብሎ አወራ። ወሬውን የሰሙ ሁለት ሰዎች፣ ጄኮብ ማርሊንና ስቲቨን ሰዌል፣ በ1749 ገደማ ሄደው ወንዙ ዳር ጎጆ ቀለሱ። በ1751 አንድሩ ሉዊስ የሚባለው የመሬት ቀያሽ ሲደርስ አንዱ ጎጆው ውስጥ፣ ሌላው ሰዌል ደግሞ እዚያው አጠገብ ውስጡ ባዶ በሆነ ትልቅ ዛፍ ውስጥ ይኖራሉ። ምን ለያያችሁ ሲላቸው በሃይማኖት አልተስማማንም አሉ። ሰዌል ግን ከተለያየን ወዲህ ሰላም ሆነናል አለው። በየማለዳው ማርሊን ከታላቁ ቤት፣ እሱ ከዛፉ ብቅ ብለው «እንደምን አደሩ አቶ ማርሊን»፣ «እንደምን አደሩ አቶ ሰዌል» ይባባላሉ።

በዚያ ሁሉ ጫካ ውስጥ ከእነሱ ሌላ የነጭ ሰፋሪ የለም። ሁለት ናቸው። እነሱም ተለያይተዋል። ተለያይተውም ሰላምታቸውን አልተዉም። ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አላውቅም፤ አሁንም ፈገግ ያሰኘኛል።

ሰዌል ከዚያም ርቆ ሄደና በኋላ በነባሮቹ የአሜሪካ ተወላጆች እጅ ተገደለ። ስሙ ግን በተራራው ላይ ቀረ። ዞና የተወሰደችበት ትንሹ ሰዌል ተራራ ስሙን ያገኘው ከዚህ ሰው ነው። አዛውንቱና ሰሌዳው የነገሩዎት ሁለት ታሪኮች በአንድ ተራራ ስም ይገናኛሉ ማለት ነው። አንድ እርማት ብቻ ላክል። ጎጆውና ዛፉ የነበሩበት ቦታ ዛሬ ማርሊንተን የሚባለው ከተማ ነው፤ እሱም አሁን በፖካሆንታስ ካውንቲ ውስጥ ነው። ፖካሆንታስ የተቋቋመው በ1821 ስለሆነ በዚያ ዘመን የካውንቲ ወሰኑ ሌላ ነበር። ግሪንብራየር ራሱ በ1778 በቨርጂኒያ ምክር ቤት ሲቋቋም እስከ ኦሃዮ ወንዝ ይደርስ ነበር። ከዚያ ወዲህ እየተቆራረሰ ነው ዛሬ ያለው ቅርጽ ላይ የደረሰው። ዌስት ቨርጂኒያ ራሷን የቻለች ግዛት የሆነችው ገና በ1863 ነው።

ስሙስ? ግሪንብራየር ማለት አረንጓዴ የሚጠላለፍ እሾኻማ ሐረግ ማለት ነው። ቀያሾቹ ወንዙ ዳር በዚህ ሐረግ ተጠላልፈው መከራቸውን ስላዩ ወንዙን በእሱ ጠሩት ይባላል። በካውንቲው ውስጥ ሮንስቨርት የምትባል ከተማ አለች፤ ይህም ያው ስም በፈረንሳይኛ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል ልግባ። ሰሌዳዎች ላይ «ሰፋሪዎች መጡ» ተብሎ የሚታለፍ ብዙ ደም አለ።

መሬቱ ባዶ አልነበረም። ሻውኒ የሚባሉት ነባር ሕዝቦች የሚያድኑበት፣ የሚመላለሱበት አገር ነው። እነ አንድሩ ሉዊስ የሚቀይሱት ግሪንብራየር ኩባንያ ለሚባል ማኅበር ነበር፤ ማኅበሩ 100,000 ኤከር ተፈቅዶለታል። የፈቀደው የቨርጂኒያ መንግሥት ነው። ሻውኒዎችን የጠየቀ የለም። በ1763 ኮርንስቶክ የሚባለው የሻውኒ መሪ ወደ 60 የሚሆኑ ተዋጊዎች ይዞ መጣ። መጀመሪያ ማዲ ክሪክ የሚባለው ሰፈር ወዳጅ መስለው ገቡ፤ ወንዶቹን ገደሉ። ቀጥለው ዛሬ ሉዊስበርግ የሚባለው ከተማ አጠገብ ወዳለው የአርኪባልድ ክሌንደኒን ቤት ሄዱ። ስቱዋርት እንደጻፈው ከ50 እስከ 100 ሰው ተሰብስቦ ነበር። ክሌንደኒን ከአደን የመጡ ሦስት የሰቡ ትልልቅ አጋዘኖች ነበሩት፤ እንግዶቹንም በእነሱ ጋበዛቸው። ግብዣው ላይ ነው የገደሉት።

የክሌንደኒን ሚስት ተማርካ ስትሄድ ሕፃኗን ለሌሎች ሴቶች አሳቅፋ ወደ ጫካ ተሰወረች። የሕፃኑ ልቅሶ ተሰማ። ከተዋጊዎቹ አንዱ ጥጃዋን አስጩህ፣ ላሟ ትመጣለች አለ ይላል መዝገቡ። እናትየው አልተመለሰችም። ሕፃኑን ገደሉት። እሷ ሌሊቱን ወደ ቤቷ ተመልሳ የባሏን ሬሳ በአጥር እንጨት ሸፍና አገር አቋርጣ ሄደች። ከዚያ በኋላ እነ ስቱዋርት እስከመጡበት እስከ 1769 ድረስ ሸለቆው ውስጥ ነጭ ሰፋሪ አልነበረም።

ስቱዋርትን የማከብረው የራሱን ወገን ጥፋት ስላልደበቀ ነው። ኮርንስቶክ በኦክቶበር 10 ቀን 1774 ፖይንት ፕሌዘንት ላይ ከቨርጂኒያ ጦር ጋር ተዋጋ። ያ ጦር የተነሳው ከዛሬዋ ሉዊስበርግ ነው፤ መሪው ያው ቀያሹ አንድሩ ሉዊስ ነበር። ከዚያ ሰላም ሆነ። በ1777 ኮርንስቶክ በሰላም እዚያው ፖይንት ፕሌዘንት ወዳለው ፎርት ራንዶልፍ ምሽግ መጥቶ የራሱ ሰዎች ወደ ጦርነት እያዘነበሉ መሆኑን አስጠነቀቀ። ይዘው አቆዩት። ኖቬምበር 10 ከምሽጉ ውጭ አንድ ሚሊሺያ ሲገደል ጓደኞቹ በቁጣ ገብተው ኮርንስቶክን፣ ሊጠይቀው የመጣውን ልጁንና አብረውት የነበሩትን ገደሏቸው። ስቱዋርት እዚያው ነበር፤ በዓይኑ አይቷል። ኮርንስቶክ ልጁ ሲንቀጠቀጥ አይዞህ ብሎ አጽናንቶት፣ በሩ ላይ ቆሞ በሰባት ወይም በስምንት ጥይት እንደወደቀ ጽፏል። ጀግና ብሎ፣ አዝኖ ነው የጻፈው። ገዳዮቹ ፍርድ ቤት ቀረቡ፤ የሚመሰክርባቸው ጠፍቶ ተለቀቁ።

እዚህ ጋ ስለ ተረት የጠየቁኝን ጥያቄ የሚመልስ ጥሩ ምሳሌ አለ። ፖይንት ፕሌዘንት ቢሄዱ ኮርንስቶክ ሲሞት አገሩን ረገመ ይሉዎታል። በዲሴምበር 1967 እዚያ ያለው ሲልቨር ብሪጅ ድልድይ ተደርምሶ 46 ሰው ሲሞት የእርግማኑ ነው ተባለ። ስቱዋርት ግን ከቦታው የነበረ ሰው ነው፤ እርግማን የሚል ቃል አልጻፈም። የመጨረሻ ቃላቱን ጽፏል፣ እርግማን የለበትም። እርግማኑ ብዙ ቆይቶ የተጨመረ ነው። ድልድዩን የጣለው በአንድ የብረት ማያያዣ ላይ የነበረ ስንጥቅ መሆኑ በምርመራ ታውቋል። ያንን ተረት መናገር የሚያስከፋኝ ውሸት ስለሆነ ብቻ አይደለም። በሰላም የመጣን ሰው የገደለ ሕዝብ፣ ሟቹን ክፉ አድርጎ ስለሚያስቀር ነው። ስቱዋርት የጻፈው ሰው ሲሞት ልጁን ያጽናና ነበር።

ግድያው የበቀል ዘመቻ አስከተለ። በ1778 ሜይ ወደ 200 የሚሆኑ ተዋጊዎች ወደ ግሪንብራየር ገሰገሱ። ከፎርት ራንዶልፍ ሁለት መልእክተኞች ቀድመው እንዲያስጠነቅቁ ተላኩ። እንዳይታወቁ አድርጋ እንደ ነባር ሰዎች ያስመሰለቻቸው ኖንሄለማ ናት፤ የኮርንስቶክ የገዛ እህት። ወንድሟን የገደሉባት ሰዎች ጎን ነው የቆመችው። ለምን እንደሆነ ብዙ አስቤበታለሁ። መልእክተኞቹ ደረሱ፤ ጎረቤቱ ሁሉ ወደ ዶናሊ ምሽግ ገባ።

ሜይ 29 ማለዳ ላይ አንድ ሰው ማገዶ ሊያመጣ በሩን ከፍቶ ሲወጣ ተገደለ። ተዋጊዎቹ ወደ ቤቱ በር ሮጡ። ውስጥ ሆነው በሩን የያዙት ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዱ ፊሊፕ ሃመንድ ነው፣ ከመልእክተኞቹ አንዱ። ሌላው ዲክ ፖይንተር ነው፤ የምሽጉ ባለቤት የዶናሊ ባሪያ የነበረ ጥቁር ሰው። በሩ በመጥረቢያ እየተፈለጠ ሳለ ፖይንተር በደንብ የጎረሰ ጠመንጃ አንስቶ በተከፈተው በኩል ተኮሰ። አጥቂዎቹ ወደ ኋላ አሉ። ፎቅ ላይ ተኝተው የነበሩት እስኪነሱ ጊዜ ተገኘ። ከሰዓት በኋላ ስቱዋርት ራሱ ከ60 በላይ ሰው ይዞ ደርሶ ምሽጉ ተረፈ።

ፖይንተር ነፃ የወጣው በ1801 ነው። ያን ጥይት ከተኮሰ ከ23 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ያዳናቸው ሰዎች ልጆች አድገው፣ አግብተው፣ መሬት ገዝተው እሱ አሁንም የሰው ንብረት ነበር። በ1827 ሞቶ ሉዊስበርግ ተቀበረ። ስለ እሱ በአካባቢው የሚወራው ብዙ ነው። ጠመንጃው ይኸኛው ነው ይባላል፣ ጎጆ ሠሩለት ይባላል፣ በወታደር ክብር ቀበሩት ይባላል። ከእነዚህ የማይስማሙበት ጉዳይ ቢኖር እንኳ በሩን ማን እንደያዘ የሚጠራጠር የለም።

አንድ ጥያቄ ሳይጠይቁኝ ልመልስ፤ ይህን ሳልነግርዎ ብተው ይቆጨኛል። የግሪንብራየር ተረት አንድ ጊዜ ኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነን ሰው አሳስቷል።

በ1796 ገደማ በዚያ አካባቢ ባለ ዋሻ ውስጥ ለባሩድ የሚሆን ጨው የሚቆፍሩ ሰዎች ትልልቅ አጥንቶች አገኙ። ከአጥንቶቹ ጋር በጣም ረጃጅም ጥፍሮች ነበሩ። ያው ስቱዋርት ሰብስቦ ለቶማስ ጄፈርሰን ላከለት። ጄፈርሰን ጥፍሩን አይቶ ይህ ከአንበሳ ሦስት እጥፍ የሚያህል አውሬ ነው ብሎ አሰበ። ትልቅ ጥፍር ለማለት ሜጋሎኒክስ ብሎ ሰየመው። በማርች 1797 ፊላዴልፊያ ለሚገኘው የፈላስፎች ማኅበር ጽሑፍ አቀረበ። በጽሑፉ ውስጥ ማስረጃ ብሎ ከጠቀሳቸው ነገሮች አንዱ የግሪንብራየር ሰፋሪዎች ወሬ ነው። የመጀመሪያዎቹ መንገደኞች ከዚያ ከ30 ዓመት ጥቂት ቀደም ብሎ ሲያድሩ ያልታወቀ አውሬ እያገሳ ሰፈሩን ሌሊቱን ዞረው። ዓይኖቹ እንደ እሳት እንክብል ናቸው። ፈረሶቹ በፍርሃት መሬት ላይ ተኙ። ውሾቹ መጮኽ ፈርተው ሰው መሐል ገቡ። ጄፈርሰን ፍጥረት ጨርሶ አይጠፋም ብሎ ስለሚያምን አውሬው ዛሬም በምዕራብ በኩል ይኖር ይሆናል አለ።

አጥንቱ ግን የአንበሳ አልነበረም። ከሁለት ዓመት በኋላ ካስፐር ዊስታር የሚባለው ሐኪም የስሎዝ ዘመድ መሆኑን አሳየ፤ ቅጠል የሚበላ፣ ዘገምተኛ፣ እንደ በሬ የሚገዝፍ፣ ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት የጠፋ እንስሳ። ዛሬ በሳይንስ ስሙ የጄፈርሰን ስም ተቀጥሎበታል፤ የዌስት ቨርጂኒያ የግዛት ቅሪተ አካልም እሱ ነው። ዋሻው በአሁኑ ወሰን በሞንሮ ካውንቲ ነው የሚገኘው፤ ሞንሮም በ1799 ከግሪንብራየር የተቆረሰ ነው።

የሰፋሪዎቹስ ወሬ? እኔ ውሸት አልለውም። ዓመቱ ግን አይገጥምም፤ ስቱዋርት ሸለቆው ከ1763 እስከ 1769 ባዶ ነበር ብሏል። ምናልባት አዳኞች ነበሩ፣ ምናልባት ዓመቱ በአፍ ሲዞር ተዛባ። በዚያ ተራራ የሚኖር ፑማ ደግሞ ሌሊት ሲጮህ የሰማ ሰው ፈረሱ ለምን እንደተኛ ይገባዋል። ሰዎቹ የሰሙትን ነው የተናገሩት። አጥንቱም እውነተኛ ነው። የተሳሳተው ሁለቱን ያገናኘው ሰው ነው።

ለማንኛውም «የቱን ልመን?» ላሉኝ፣ እኔ ሥራዬን የምሠራው እንዲህ ነው። ወሬውን ስሰማ መጀመሪያ ማን አለው እላለሁ። ከቦታው ነበር? ስንት ዓመት ቆይቶ ተናገረው? ስቱዋርት የዶናሊን ምሽግና የኮርንስቶክን ሞት በዓይኑ አይቷል፤ አምነዋለሁ። የማርሊንና የሰዌልን ግን ከሌላ ሰምቶ ነው ከ47 ዓመት በኋላ የጻፈው፤ ፍሬ ነገሩን እቀበላለሁ፣ የጠዋት ሰላምታው ቃል በቃል እንዲህ ነበር ብዬ ግን አልምልም። የሜሪ ጄን ቃል ሞቱ በደረሰ በወራት ውስጥ፣ በመሐላ፣ ተፋጥጣ የተናገረችው ነው፤ እንዲህ ማለቷን አምናለሁ። ሰሌዳው የተጻፈው ደግሞ ከሁሉም በኋላ ነው።

በሚቀጥለው ጉዞዎ ጊዜ ካለዎት ሳም ብላክ ቸርች መውጫ ቁጥሩ 156 ነው። 13 ማይል ወደ ምሥራቅ ነድተው በ169 ይውጡና ሉዊስበርግ ይግቡ። ስቱዋርት በሰጠው መሬት ላይ በ1796 የተሠራው የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን እዚያው ቆሟል፤ ዛሬም ይጸለይበታል። ከእሱ ማዶ፣ መንገዱን ሲሻገሩ፣ የጥቁሮች መቃብር አለ። የዲክ ፖይንተርን ድንጋይ እዚያ ያገኙታል። ከባዱን መኪና ግን ወደዚያ ጠባብ መንገድ ይዘው አይግቡ፤ ከሀይዌዩ አጠገብ አቁመው በእግርዎ ወይም በታክሲ ይሂዱ።